ከመካ የወጣ አፈር

ጅዳ የገባሁት የአገራችን ሴት ልጅ በአውሮፕላን ሙሉ እየተጫነች ወደ ዐረብ አገር በምትጎርፍበት ዘመን ነው። ጃሚዓ በሚባለው ሰፈር አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ደረሰኝ። ማዳም ሥራ ስታከፋፍለን ሌሎቹን ለወጥ ቤትና ለልጆች አደረገችና እኔን ለአማቷ ሰጠችኝ። አማቷን ሁላችንም «ማማ ከቢራ» ነበር የምንላቸው፤ ትልቋ እናት እንደማለት ነው። ቁመታቸው አጭር ቢሆንም ድምፃቸው ሦስቱንም ፎቅ የሚያዳርስ ሴት ነበሩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ውሃ መቅዳት ሆነ፤ ያውም ከቧንቧ አይደለም። የጅዳ አየር ከባሕሩ እየተነሣ ስለሚመጣ እርጥብ ነው፤ ከደጅ ብቅ እንዳሉ ልብስ ገላ ላይ ይለጠፋል። ሙከየፍ የሚሉት አየር ማቀዝቀዣ ያን እርጥበት ይሰበስብና በጓሮ በኩል ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ማማ ከቢራ በእያንዳንዱ ሙከየፍ ሥር ባልዲ አስቀምጠዋል። ባልዲው ሲሞላ ተሸክሜ ወደ ጠፍጣፋው ጣሪያ እወጣለሁ፤ እዚያ በግማሽ በርሜል የተተከለች ሎሚ አለቻቸው፣ እሷን አጠጣለሁ። ደረቅ ዳቦም ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። በፌስታል ሆኖ አጥሩ ላይ ይንጠለጠልና በግ የሚያረቡ ሰዎች እየዞሩ ይወስዱታል። የሩዝ እጣቢ ለሎሚዋ፣ የዓሣ አንጀት ለሰፈሩ ድመቶች ነው። መጀመሪያ ላይ «አላህ ሀብት ሰጥቶ ለጋስ እጅ ነሣቸው» እያልኩ በሆዴ አማኋቸው።

አንድ ቀን ባልዲውን ደረጃው ላይ ደፋሁት። አሁን ቤቱ ይናወጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ማማ ከቢራ ከክፍላቸው ወጥተው የሚወርደውን ውሃ በዓይናቸው ይከተሉት ጀመር።

«ያ ቢንቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ ውሃ ትናንት ባሕር ነበር። ከባሕር ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ቤቴ መጣ። ባሕር በእግሩ እንግዳ ሆኖ ሲመጣልሽ ደረጃ ላይ ትደፊዋለሽ?»

ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ እስቅ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ቀልድ አላሉትም። ሌላውን ባልዲ ሳነሣ ክብደቱ ተለወጠብኝ። ቀይ ባሕርን በእጄ ይዤ ደረጃ እየወጣሁ መሆኔን ያሰብኩት ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩም ብል ዋሾ አትበሉኝ።

ሎሚዋን የተከሉላቸው ሟች ባላቸው ነበሩ። ማማ ከቢራ በየማለዳው ከሱብሒ ሶላት በኋላ አንድ ፍሬ ቀጥፈው በሙቅ ውሃ ይጨምቃሉ፤ ግማሹን እሳቸው ይጠጣሉ፣ ግማሹን ለእኔ ይሰጡኛል። ቁርሴን ሳልበላ በፊት ሆዴ የሚያውቀው እሱን ነበር። እኔ በደረስኩ በዓመቱ ግን ዛፏ ታመመች። ቅጠሏ ቢጫ ሆነና ረገፈ፤ ፍሬዋም ውሃ ሳይቋጥር ይወድቃል። ማዳም «ትጣልና ቦታው ይጽዳ» አለች። ማማ ከቢራ ዛፏን አላስነኩም። ጠዋት ጠዋት ግን ባዶውን ሙቅ ውሃ መጠጣት ጀመሩ፤ ለእኔም ባዶውን ያካፍሉኛል። እሱን ማየት አላስቻለኝም።

ቤተሰቡ በየወሩ ለዑምራ ወደ መካ ይሄዳል። እኔንም ይወስዱኛል፤ ዑምራችንን ስንጨርስ ነካሳ ያለችው አክስቴ ዘንድ ያደርሱኝና ከሰዓት በኋላ ዐስር ሶላት እንደተሰገደ መጥተው ይወስዱኛል። ነካሳ መካ ውስጥ ዳገት ላይ የተሰቀለ ሰፈር ነው። አክስቴ እኔ ሳልወለድ ለሐጅ ሄዳ በዚያው የቀረች፣ ከአፍሪካም ከእስያም ከመጡ መሰሎቿ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፋ የምትኖር ሴት ናት። ከቤቷ ጀርባ ፍየሎች አሏት፤ በዘይት ቆርቆሮ ደግሞ ጤና አዳምና በሶብላ ተክላለች። እንዲያ ያማረ ጤና አዳም ወሎም አላየሁ።

«ምን አብልተሽው ነው?» አልኳት።

ወደ ጓሮ ወስዳ አንድ ክምር አሳየችኝ። ጥቁር፣ ልዝብ፣ ጭብጥ ሲያደርጉት የሚፈረፈር አፈር ነው። የፍየሎቿ በጠጥ አለበት፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊ አለበት፤ ከሁሉ የበዛው ግን የሐረሙ፣ የታላቁ መስጊድ ርግቦች ኩስ ነው። ርግቦቹ ቀን ሐረሙ ዙሪያ ይውሉና ሲመሽ ዳገቱ ላይ ይሰፍራሉ።

«እስቲ አስቢው» አለችኝ አክስቴ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ቱርኩ ይመጣል፣ ሕንዱ ይመጣል፣ ሐውሳው ይመጣል፣ የኛም ሰው ይመጣል። ሁሉም አንዳንድ ፌስታል እህል ገዝቶ ለርግብ ይበትናል። እህሉ ከየትኛው አገር ማሳ ተጭኖ እንደመጣ አላህ ነው የሚያውቀው። ርግቡ ይበላና እኔ ቤት መጥቶ ያራግፋል። ወላሂ የዓለም ማሳ ሁሉ ጓሮዬ ነው ያለው!»

እጄን ክምሩ ውስጥ ሰደድኩት፤ ሞቀኝ። እሳት አልነካውም፣ ፀሐይም አላገኘውም፤ ግን እንደ ተኛ እንስሳ ሆድ ይሞቃል። ትል ይርመሰመስበታል። የማላውቀው ሰው የማላውቀው አገር አርሶ፣ ሌላው ገዝቶ፣ ወፍ በልታው፣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ነገር እዚህ ተሰብስቦ በራሱ ጊዜ ሕይወት እየጀመረ ነበር። ሱብሃነላህ አልኩ። ስንት ዘመን ሱብሃነላህ ስል ኖሬያለሁ፤ ከልቤ ያልኩት ግን ያን ጊዜ ይመስለኛል።

አንድ ጆንያ ለመንኳት፣ ሞልታ ሰጠችኝ። ክልክል ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዘምዘም የተባለው የመካ ቅዱስ ውሃ በጀሪካን እየተጫነ አገር ላገር ሲዞር እያየን፣ ውሃው ከተፈቀደ አፈሩን ማን ይከለክላል? እንዲያውም የሐረም በረካ ያለበት ስለሆነ ዛፏን ቶሎ ያድናታል ብለን ተስማማን።

መኪና የሚነዳው የማማ ከቢራ ታናሽ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚያስተምር፣ ቀልድ የማይጠግብ ሰው ነው። ጆንያውን ከዘምዘሙ አጠገብ ሲያስገባ «ምንድን ነው?» አለኝ። «የሎሚዋ መድኃኒት» አልኩት። አሽትቶት «ይሄ መድኃኒት በሽታውንም ሐኪሙንም ያባርራል» አለና እስከ ጅዳ መስኮት ከፍቶ ነዳ።

አፈሩን በርሜሉ ላይ እስከ አፉ ሞላሁት። ሎሚዋ መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥሎ ከግንዷ ላይ እንደ አይጥ ጆሮ ያለ ቅጠል ብቅ አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! ቅጠሏ ጠቆረ፣ አበባዋ ጣሪያውን ሁሉ አወደው፣ ንብ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣ። ፍሬዋ በዛና ማዳም ራሷ ለጎረቤት መላክ ጀመረች፤ ትጣል ያለችው እሷ እንዳልሆነች። ማማ ከቢራ በየማለዳው የሎሚ ውሃቸውን እየጠጡ ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር።

እኔም አፌን አልዘጋ አልኩ። አንድ ጠዋት «ምን አድርገሽላት ነው ያ ቢንቲ?» ሲሉኝ፣ ኮራ ብዬ ስለ አክስቴ ክምር፣ ስለ ርግቦቹ፣ ስለ ጆንያው አንድ ሳላስቀር ተረኩላቸው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«የሐረምን አፈር? ከሐረም አወጣሽው?»

«ለዛፏ ብዬ...»

«መካ እስከ ወሰኗ ድረስ ሐረም ናት፤ ዛፏ አይቆረጥም። ርግቡ አይባረርም። አፈሩና ድንጋዩ ከወሰኑ አይወጣም። ከአባቴ የሰማሁት ይሄን ነው። ዘምዘሙን ፈቅደውልናል፤ አፈሩ ግን አማና ነው፣ አደራ ነው፤ ያወጣው ሰው ይመልሰዋል። አልመልስ ያለ በቂያማ ቀን ይጠየቅበታል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን በእኔ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። ቤቱ የእሳቸው፣ ዛፉ የእሳቸው፣ የጠጡትም እሳቸው ስለሆኑ ዕዳውን ለራሳቸው ወሰዱት። ነይ ሲሏት ወዲያው እንደምትነሣ ልጅ ብድግ አሉና «ያላ፣ እናውጣው» ብለው ወደ ጣሪያው ወጡ። ሥሯን ካራቆትናት ትሞታለች ብዬ ብለምን ጊዜ አንድ ሸይኽ ጋ አስደወሉ። ሸይኹ «መለየት የምትችዪውን መልሺ፤ ያልቻልሽውን አላህ ይቅር ይላል» አላቸው። ለእኔ በቂ መልስ ነበር። ለእሳቸው ግን መለየት የሚቻለው የቱ ድረስ ነው የሚለው ጥያቄ የተነሣው ገና ያን ጊዜ ነው።

ከላይ ከላዩ በእጄ መጥረግ ጀመርኩ። እስከ አፉ የሞላሁት በርሜል አንድ ስንዝር ጎድሏል።

«ቀሪውን የት አደረስሽው?» አሉኝ።

እኔም አላውቅም። ታናሹን ልጅ ጠራነው፤ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ያ ኡሚ፣ የፍየል በጠጥ እኮ ነው!» አላቸው እናቱን። ፊታቸውን ሲያይ ግን ተቀመጠና እንደ ተማሪዎቹ አስረዳን። ዛፍ አብዛኛውን ገላውን የሚሠራው ከአየርና ከውሃ ነው አለ፤ አፈሩ ለዛፍ ማለት ለወጥ እንደ ጨው ነው፣ ጥቂት ነው ግን ያለሱ አይሆንም። ያ ጥቂቱ ወደ ቅጠሉና ወደ ፍሬው ገብቷል። ሌላውን ደግሞ ትሎቹና ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ፍጥረታት በልተው ተንፍሰውታል፤ አየር ሆኖ ሄዷል።

«አየሩን በምን ሰብስቤ ልመልሰው?» አሉ ማማ ከቢራ።

«እሱማ ካንቺ ቀድሞ መካ ገብቶ ይሆናል» አለና እንደገና ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅኩም። ቀና ብለው ሰማዩን ያዩ ነበር። እኔም አየሁት፤ ያው ነጭ የጅዳ ሰማይ ነው፣ ግን ባዶ መሆኑ ቀርቶብኝ ነበር። ቱርኩ የበተነው እህል እዚያ ላይ አለ። የአክስቴ ፍየሎች እዚያ አሉ። እኔ አሁን የምተነፍሰው ነገ የማን ቅጠል እንደሚሆን ማን ያውቃል? ፍርሃትም ደስታም ይዞኝ በርሜሉን ተደግፌ ቆምኩ።

ከላይ የጠረግነው አፈርና ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሎሚዋ የወረደ ነገር ሁሉ ጅዳ መቅረት ተከለከለ። የረገፈ ቅጠል፣ የደረቀ አበባ፣ ልጣጭ፣ ፍሬ፣ ሁሉም ጆንያ ውስጥ ይገባል። በወሩ እሱን ተሸክሜ ነካሳ ዳገት እወጣለሁ። አክስቴ «ሰው ለዑምራ እንባውን ይዞ ይመጣል፣ አንቺ ልጣጭ ተሸክመሽ ትመጫለሽ» እያለች ትስቅብኛለች፤ ግን አንዲት ቅጠል አልጣለችም። ልጣጩን ለፍየሎቹ፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ለክምሩ ታደርገዋለች። በቀጣዩ ወር ስመጣ ቅጠሉ የለም፤ ጥቁር አፈር ሆኗል፤ አፈሩ ላይ ደግሞ አንድ የሎሚ ችግኝ በቅሏል። አክስቴና እኔ ችግኙን እያየን ብዙ ቆየን። ማንም አልተከለውም።

ይህንን ለማማ ከቢራ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ግን የሎሚ ውሃ ይጠጡበት የነበረውን ብርጭቆ ከፍ አድርገው አዩት።

«ያንንስ? የጠጣሁትን?»

«እሱን አላህ ይቅር ብሎታል፤ ሸይኹ ብሏል» አልኳቸው።

«ይቅር ማለት የአላህ ነው። መመለስ የእኔ ነው።» የእጃቸውን ቆዳ በሌላው እጃቸው ቆንጠጥ አደረጉት፤ ስስ ነበር፣ ቶሎ አይመለስም። «እዚህ ውስጥ ነው ያለው። እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ስሞት መካ ይቅበሩኝ። ልጆቼ ሞቴን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ ይቸኩላሉ፣ ከአባታቸው ጎን እዚሁ ሊያደርጉኝ ይፈልጋሉ። አንቺ ንገሪያቸው። አማና ብያለሁ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? አፍ እሺ ሲል ቀላል ነው። በዚያ ቤት ታላቁ ልጃቸው፣ የማዳም ባል፣ ሲናገር ማዳም እንኳ ዝም ትላለች፤ ለእኔ ደግሞ በኢቃማዬ፣ በመኖሪያ ፈቃዴ ላይ የፈረመው ከፊሌ፣ ዋሴ ነው። በእናቱ ቀብር ላይ አንዲት ሠራተኛ ምን አግብቷት ትናገራለች?

ስለ ራሴም አስቤያለሁ፣ አልዋሽም። እኔም ጠጥቻለሁ። ግማሽ ግማሹን እየተካፈልን ነው የጠጣነው። አሁን አገሬ ገብቼ፣ አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ አጥብቻለሁ። ርግቦቹ የለቀሙት እህል በእኔ አጥንት አልፎ በልጄ ጥርስ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ስትስቅ ጥርሷን ሳይ አንዳንዴ የምደነግጠው ለዚህ ነው።

ማማ ከቢራ አንድ ቀን ሱብሒ ሰግደው ከስግደቱ አልተነሡም። ስደርስ ግንባራቸው ምንጣፉ ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ በሰው ተሞላ፤ ወንዶቹ በኮሪደሩ በኩል ሆነው ስለ ቀብሩ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። አጣቢዋ ሴትዮ መጣችና ማዳምና እኔ እንድናግዛት ጠራችን። ውሃው በተወቀጠ የቁርቁራ ቅጠል አረፋ ሠርቶ ነበር፤ ለመጨረሻው እጥበት ካፉር የሚባለውን ሽቶ ጨመሩበት። እኔ አፈሳለሁ፣ እሷ ታጥባለች። እኒያ ሦስት ፎቅ የሚያንቀጠቅጡ ሴት በእጄ ላይ እንደ ልጅ ቀላል ሆኑ። እጃቸው ላይ ውሃ ሳፈስ ያን ስስ ቆዳ አየሁትና የገባሁት ቃል ትዝ አለኝ።

በከፈን ጠቅልለን ስንጨርስ የታላቁ ልጅ ድምፅ ከበሩ ውጭ ተሰማ። «ኸላስ፣ በቃ፤ በቀትሩ በዙሁር ሶላት እዚሁ ይሰገድባቸዋል። ከአባታችን ጎን ቦታ አለ። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ አናዘግይ።»

በሩን በትንሹ ከፈትኩና ከኋላው እንደ ቆምኩ «መካ ብለዋል» አልኩ።

ማዳም ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን አልሽ?» አለ ታላቁ ልጅ።

«መካ ቅበሩኝ ብለዋል። አማና ብለው እኔ እንድናገር አዘዙኝ። የሐረም አፈር በሎሚው ውስጥ ጠጥተዋል። እሱን ሊመልሱ ነው።» ስናገረው በእኔው ጆሮ እንኳ የእብድ ወሬ መሰለኝ። «አፈር ስሆን አትከልክሏቸው» አልኩ፤ በዐረብኛ ጀምሬ ይችን ግን በአማርኛ ነው ያልኳት። ማንም ባይረዳትም ለማን እንደምለምን አውቀዋል።

ታላቁ ልጅ ወደ ታናሹ ዞረ። «ይሄ እውነት ነው?»

ታናሹ በዚያ ቤት ውስጥ ስቆ የማያበቃ ሰው ነበር። ያን ቀን አልሳቀም። «የአፈሩ ነገር እውነት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

ታላቁ ልጅ መኪና እንዲቀርብ አዘዘ።

እኛ ሴቶች አስከሬን አንከተልም። ከበሩ ላይ ሆኜ እስኪሰወሩ አየኋቸው። በሐረሙ በዐስር ሶላት ተሰግዶባቸው መካ ከተቀበሩ በኋላ፣ ወንዶቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ተመለሱ። ነጠላ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ እያወለቁ ለቅሶ ወደ ተቀመጠው ሰው ገቡ። ጫማ ልደረድር ጎንበስ ስል እጄ ቆመ። በሁሉም ጫማ ላይ፣ በሶሉም በማሰሪያውም፣ አመድማ አፈር ተለጥፏል። የመቃብራቸው አፈር ነው፤ የመካ አፈር።

እሳቸው በገላቸው ይዘው ሊመልሱ ሄዱ፤ ልጆቻቸው በጫማቸው ይዘውት መጡ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። አፌን በሻሼ አፈንኩ፤ ሳቁ ሳያልቅ ቀኑን ሙሉ እምቢ ያለኝ እንባ ገነፈለና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ሊያስቆመው የማይችል ነገር ነው። ሲሄድም ሲመጣም ይኖራል፣ በወፍ ሆድ፣ በሎሚ፣ በሰው ገላ፣ በጫማ። በዚያ ሁሉ ኀዘን መሐል ልቤ በአድናቆት ሞላ። እንዲህ ካደረገው ጌታ ጋር ማን ይሟገታል?

ታናሹ ልጅ ውሃ ሊጠይቀኝ ወጣ። እኔን አየ፣ በእጄ ያለውን ጫማ አየ፣ ከዚያ የራሱን አየ። ከራሱ ላይ ያለውን ጥምጣም ፈትቶ ወለሉ ላይ ዘረጋውና ተንበረከከ። ጫማዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ አራገፈበት፤ የራሱን፣ የታላቁን፣ የአጎቶቹን፣ የማያውቃቸውን ለቀስተኞች ሁሉ። በሶሉ ስንጥቅ የቀረውን በጥፍሩ አወጣ። ሲጨርስ አራቱን ጫፍ ሰብስቦ ቋጠረውና ደረቱ ላይ ያዘው።

«ነገ ራሴ እመልስላታለሁ» አለኝ።